ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ፦ ራስን መቻል ማለት ምን ማለት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው አሳብ ለታናናሾቻችን የነገ፣ ለእኩዮቻችን የዛሬ፣ ለታላላቆቻችን ደግሞ ያለፈ ጉዳይ ነው። ይኸውም አንድ ወጣት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ከወላጅ እጅ ወደ ራሱ እጅ የሚሻገርበት ጊዜ ነው።

ይህን አርእስት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የፈተና ውጤት በተነገረ ማግሥት ከመዘምራን ሰልፍ የሚጎድሉ ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ነውና ደስ ይለናል። ሌሎቹ ግን ቤታቸው እዚሁ ከእንጦጦ ማርያም አጥር ማዶ፣ ወይም ከዳገቱ ሥር ከሽሮ ሜዳ ሆኖ ሳለ፣ ውጤት ስላልመጣላቸው ብቻ በሰው ፊት መቆም አፍረው የሚቀሩ ናቸው። ይህ ትምህርት ለሁላችንም ቢሆንም፣ በተለይ እነርሱን አስበን ያዘጋጀነው መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

አንደኛ፦ ከቤት መውጣት በአባቶቻችን ዘመን

አባቶቻችን ለዚህ ሽግግር የነበራቸው ቃል «ጎጆ መውጣት» የሚል ነው። ወንዱ ለአቅመ አዳም፣ ሴቷ ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ሽማግሌ ይላካል፤ ጋብቻው ይፈጸማል፤ ዘመድ ተሰብስቦ ጎጆ ይቀልሳል፤ አባትም ከመሬቱና ከከብቱ ከፍሎ ይሰጣል። ስለዚህ ልጅ ከአባቱ ቤት የሚወጣው የሚገባበት ቤት ተዘጋጅቶለት ነበር ማለት ነው። እርግጥ ይህ ሥርዓት ጉድለት ነበረው፤ ብዙ ልጃገረዶች ያለ ዕድሜያቸው ተድረውበታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ያደረገው ይህን ለመከላከል ጭምር ነው።

ሁለተኛው የመውጫ መንገድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር። የቆሎ ተማሪው ገና በልጅነቱ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ማንም ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ እየለመነ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ይሻገራል። ለእርሱ የተዘጋጀ ቤት የለም። የተዘጋጀ መምህርና የታወቀ መንገድ ግን አለ።

ሦስተኛው ዘመናዊው ትምህርት ነው። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተመሠረተ። በዚያ ጊዜ ተማሪው ጥቂት፣ የመንግሥት ሥራ ደግሞ ሰው ፈላጊ ስለ ነበር ትምህርቱን የፈጸመ ሁሉ ወንበር ይጠብቀው ነበር። ከዚያም በኋላ ቢሆን ወጣቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስን ሌላ አካል አልጠፋም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ለአገልግሎት ይላኩ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ታወጀ። በዚያው በደርግ ዘመን የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ በመንግሥት ምደባ ሥራ ይይዝ ነበር።

መንገዱ ለአንዱ መልካም፣ ለሌላው እጅግ መራራ ነበር። ነገር ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነገር እናያለን፤ ጎጆውን ዘመድ ይሠራል፣ ትምህርቱን የኔታ ይመራል፣ ምደባውን መንግሥት ይሰጣል። ዛሬ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት ግን ከእነዚህ አንዱም በእርግጥ አይጠብቀውም። ወላጆቻችን «እኛ በእናንተ ዕድሜ ራሳችንን ችለን ነበር» ሲሉን እውነታቸውን ነው። እኛም «ጊዜው ሌላ ነው» ስንል እውነታችንን ነው። ይህ ባለመገለጡ በብዙ ቤት አባትና ልጅ ሳይግባቡ ይኖራሉ።

ሁለተኛ፦ የፈተናው ቁጥር ምን ያስተምረናል?

የ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆኑ። ከማለፊያው ነጥብ በታች ከቀሩትም የተወሰኑት ሪሜዲያል በሚባለው የማካካሻ ትምህርት ሌላ ዕድል አግኝተዋል።

እንግዲህ በአራቱም ዓመታት ከ100 ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው የተባለውን ነጥብ አላመጣም ማለት ነው። ይህን የምናነሣው ስንፍናን ለማጽናናት አይደለም። ያላጠና ማጥናት ይገባዋል፤ እንደገና መፈተን የሚችልም በግል ተመዝግቦ ይፈተን። ነገር ግን «እኔ ብቻ ወደቅሁ» ብሎ ፊቱን የሸፈነ ወንድማችን፣ ብቻውን አለመሆኑን ያውቅ ዘንድ ቁጥሩን ማየት ይጠቅመዋል። ዳግመኛም ለእኛ ለአባላቱ ትልቅ ጥያቄ ያመጣብናል። ሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቱን የሚያመሰግነውና የሚሸልመው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ብቻ ከሆነ፣ ከዐሥሩ ለዘጠኙ ምን አለን?

ሦስተኛ፦ «መቻል» የሚለው ቃል ሦስት ትርጉም

በቋንቋችን አንድ ሰው አዋቂ መሆኑን ስንናገር «ራሱን ቻለ» እንላለን። ይህን ቃል ቀረብ ብለን ብንመረምረው ሦስት ነገር ይዞ እናገኘዋለን። «ሥራውን ይችላል» ስንል ያውቃል፣ እጁ ይሠራል ማለታችን ነው። «መከራውን ቻለው» ስንል ታገሠው ማለታችን ነው። «ወጪውን ቻለ» ስንል ደግሞ ሸክሙን ተሸከመ ማለታችን ነው። ስለዚህ ራስን መቻል ሙሉ የሚሆነው ሙያ፣ ትዕግሥትና ሸክም ሲገናኙ ነው። ከወላጅ ቤት ወጥቶ ብቻውን የሚኖር ሁሉ ራሱን ቻለ አይባልም፤ ከወላጁ ጋር እየኖረም ራሱን የቻለ አለና።

ሀ. ሙያ

ሽሮ ሜዳን እንመልከት። ከጋሞ አገር የመጡ ሸማኔዎች ከትውልድ ወደ ትውልድ ጥበብን ያቆዩበት ሠፈር ነው። በሸማኔ ቤት ያደገ ልጅ መጀመሪያ ክር ያጠነጥናል፤ መወርወሪያ የሚጨብጠው ከዚያ በኋላ ነው። በነጭ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ስንቆም የለበስነው ነጠላ የእነዚህ እጆች ሥራ ነው። ሆኖም በአገራችን ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን መናቅ የቆየ በሽታ ነበር። በ1882 ዓ.ም. በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ ማስነገራቸው በሽታው የቱን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያሳያል። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም፣ «ውጤት ካልመጣለት ሙያ ይማር» ስንል ያው ንቀት በሌላ ልብስ ይመጣል። ሙያ የወዳቂ ማረፊያ ይመስል!

መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አያስተምረንም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንደምናነብበው ጌታችን በአገሩ ሰዎች ዘንድ የታወቀው በአናጢነቱ ነበር። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም የተማረ ሰው ሳለ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈው፣ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር። ስለዚህ ቴክኒክና ሙያ የሚገባ ወጣት የሚሄደው ወደ ታች እንዳይመስለው። የቀድሞው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ግቢ እንኳ በኋላ እንጦጦ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ፣ ቀጥሎም የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሏል። ሚኒስትሮችና አምባሳደሮች የወጡበት ግቢ ዛሬ ባለሙያ ያወጣል፤ ይህ ለግቢው ውርደት አይደለም። ሠልጣኙ ማስተዋል የሚገባው፣ ሥልጠናውን ከጨረሰ በኋላ የብቃት ምዘናውን ወስዶ የምስክር ወረቀቱን መያዝ እንዳለበት ነው። አሠሪ የሚጠይቀው እርሱን ነውና።

ለ. ትዕግሥት

ዮሴፍን ሁላችን እናውቀዋለን። ወንድሞቹ ሲሸጡት የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ በዘፍጥረት ምዕራፍ 41 መሠረት በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመት ሞልቶት ነበር። በመካከሉ 13 ዓመት አለ። ብዙ ጊዜ ስለ ሕልሙና ስለ ሹመቱ እንሰማለን፤ ስለ 13ቱ ዓመት ግን ብዙ አንሰማም። ዮሴፍ በእነዚያ ዓመታት እጁን አጣጥፎ ሹመት አልጠበቀም። በጲጥፋራ ቤት አደራ ተሰጠው፣ ጠበቀ፤ በወኅኒ ቤት አደራ ተሰጠው፣ ጠበቀ። ትልቁ አደራ በመጣ ጊዜ አደራ መጠበቅን ለምዶት ነበር። ዛሬም ውጤት እስኪመጣ፣ ሥራ እስኪገኝ ያለው ጊዜ የባከነ የሚሆነው ትንሿን አደራ ስንንቅ ነው። የታናሽ ወንድምን ትምህርት መርዳት፣ የእናትን ሱቅ መጠበቅ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ማስተማር አደራ ነው።

ስለ ቅዱስ ያሬድም ደጋግመን ተምረናል። ትምህርት እንቢ ቢለው፣ መምህሩ አባ ጌዴዎን ቢገርፉት ኮብልሎ ሄደ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ ትሏ ወድቃ ወድቃ በመጨረሻ ስትወጣ አየ። ብዙዎቻችን ታሪኩን በትሏ ላይ እናቆመዋለን። የሚበልጠው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ቅዱስ ያሬድ ተነሥቶ ወደዚያው ወደ ሸሸው መምህር ተመለሰ። ወደ አፈሩበት ቦታ መመለስ ከዛፍ መውጣት ይከብዳል። ከሰንበት ትምህርት ቤት በኀፍረት የራቀ ወንድማችን ወይም እኅታችን ሊያስቡት የሚገባ ይህ ነው፤ እኛም ሲመለሱ እንዴት እንደምንቀበላቸው እናስብበት።

በቅርብ ዘመን ከነበሩት ደግሞ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን እናንሣ። በጎጃም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት እስከ ቅኔ ዘልቀው፣ አዲስ አበባ መጥተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት እንደገና ተማሪ ሆኑ። ቅኔ የተቀኘ ሰው ከአዲስ ፊደል ሲጀምር ዝቅ ማለት ያስፈልገዋል። በኋላም መምህር ሆኑ፤ በጠላት ወረራ ጊዜ ተማርከው ለዓመታት በጣሊያን አገር ታሰሩ፤ ከነፃነት በኋላ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ። ፍቅር እስከ መቃብርን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት አልፎ ነበር። የሰው ፍሬ ሁሉ በ18 ዓመቱ አይታይም።

ሐ. ሸክም

ከእንጦጦ ደን ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል ወደ ከተማ ሲወርዱ የኖሩ እናቶችን አካባቢያችን ያውቃቸዋል። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ያሳደጉትና ያስተማሩት በዚያ ሸክም ነው። ወጣቱ አድጓል የምንለው ከዚህ ሸክም ጥቂቷን እንኳ ወደ ራሱ ትከሻ ማዞር ሲጀምር ነው። ስለዚህ ስለ ገንዘብና ስለ ሕግ ማወቅ ዓለማዊ ነገር ብቻ ነው ብለን አንተወውም።

የመጀመሪያ ደመወዝ የተቀበለ ወጣት ወረቀት ይዞ ይቀመጥ። ለምሳሌ ደመወዙ 5,000 ብር ነው እንበል። የጡረታ መዋጮ 7 ከመቶ፣ ማለት 350 ብር ከእርሱ ይቀነሳል፤ አሠሪውም 11 ከመቶ፣ ማለት 550 ብር ይጨምርለታል። የሥራ ግብርም ይነሣል። ስለዚህ በአፍ የተነገረው ደመወዝና እጅ የሚገባው አንድ አይደለም፤ ብዙ ወጣት ዕዳ ውስጥ የሚገባው በተነገረው ላይ ዐቅዶ ነው። እጁ ከገባው አስቀድሞ ዐሥራቱን ያውጣ፤ ቀጥሎ ለቤት የሚሰጠውን፣ ለትራንስፖርትና ለምግብ የሚያውለውን፣ በዕቁብ ወይም በባንክ የሚያስቀምጠውን ይለይ። ለእናቱ የሚሰጠው ትንሽ ቢሆንም በየወሩ ሳይቋረጥ ይሁን። አንድ ጊዜ በብዙ ከመስጠት ይልቅ ቤቱ የሚደገፈው በማይቋረጠው ነው።

ሥራ ሲይዝም መብቱንና ግዴታውን ይወቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ለሌላው ሠራተኛ መደበኛው ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ነው። ቤት ለሚከራይም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ከሁለት ወር የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅንም አይፈቅድም። ሳያነቡ መፈረም፣ ለማያውቁት ሰው ዋስ መሆን፣ ደላላ «ዓረብ አገር እልክሃለሁ» ሲል መታወቂያና ፓስፖርት አሳልፎ መስጠት ብዙዎችን አስለቅሷል። ከመፈረም በፊት አንድ ታላቅ ማማከር ነውር የለውም። ራስን መቻል ማለት ምክር አያስፈልገኝም ማለት አይደለምና።

አራተኛ፦ ለሚርቁትም ለሚቀሩትም

ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ በመጀመሪያው ሳምንት የምታደርጉት ነገር አራቱን ዓመታት ይመራል። ነቢዩ ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ ባቢሎን እንደ ገቡ በመጀመሪያ የወሰኑት ስለ መብል ነበር፤ ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በእሳቱ ፊት የጸኑት በማዕዱ ፊት ጸንተው ስለ ነበር ነው። እናንተም ማን ቀሰቀሰኝ ሳትሉ ተነሥቶ መጸለይን፣ እናት ሳታስታውሳችሁ መጾምን ገና ከቤት ሳላችሁ ልመዱ። በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ጉባኤ ታገኛላችሁ። ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሃይማኖተ አበው ማኅበር ይሰባሰቡ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ የተላኩ ተማሪዎች በዚያ በጸሎት የጀመሩት መሰባሰብ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሆነ። ለጦርነት በተላኩበት በረሓ ጉባኤ የመሠረቱ ወጣቶች ካሉ፣ ለትምህርት በተላክንበት ግቢ ጉባኤ መግባት አይከብደንም።

እዚሁ የምትቀሩ ደግሞ ቀራችሁ አትበሉ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርደው ቤት ባሠሩ ጊዜ አዲስ አበባ ተጀመረች። ከተማዋ ከዳገቱ ወርዳ ራሷን ቻለች፤ ወደ እመቤታችን ደጅ መውጣትን ግን አልተወችም። ወርዶ መሥራትና ወጥቶ መጸለይ የዚህ ሠፈር ልማድ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በሥራ ወይም በሥልጠና የደከመ ወጣት እሑድ ማለዳ በመዘምራን መካከል ሲቆም ከማንም አያንስም።

አምስተኛ፦ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ምን ይርዳ?

ምክር ለግለሰብ ብቻ ሰጥቶ መሄድ ቀላል ነው። ስለዚህ ለአባላቱ ጉባኤ አራት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ውጤት በሚነገርበት ሳምንት ለተፈታኞች ሁሉ አንድ የጸሎትና የምክር መርሐ ግብር ይኑር፤ በዚያ ቀን ማንም ማንንም «ስንት አመጣህ?» ብሎ አይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ሙያ ያላቸው ታላላቆቻችን፣ አናጢው፣ ነርሷ፣ ሒሳብ ሠራተኛው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ወጣት ይዘው ሥራቸውን ያሳዩ። ሦስተኛ፣ ለብቃት ምዘና ክፍያ ወይም ለመጀመሪያ የሥራ መሣሪያ የሚውል ትንሽ ዕቁብ እንጀምር። አራተኛ፣ ርቀው ለሄዱት ደብዳቤም ሆነ ስልክ፣ ከቤት ለቀሩት ደግሞ ጉብኝት አይቅር። የራቀው ይናፈቃል፤ አጠገባችን ያለውን ግን እንረሳለንና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «ራሱን ቻለ» ከሚለው ቃል ሦስቱ ትርጉሞች፣ በእኛ ዘንድ የጎደለው የትኛው ነው? ለምን?

2. ዮሴፍ በ13ቱ ዓመታት የጠበቃቸውን አደራዎች ዘርዝሩ። እናንተ ዛሬ በእጃችሁ ያለው አደራ ምንድን ነው?

3. በወር ስንት ብር ከቤት ትወስዳላችሁ? ከእርሱ የትኛውን በራሳችሁ መቻል ትችላላችሁ?

4. ከውጤት በኋላ ከመካከላችን የራቀ ማን አለ? በዚህ ሳምንት ማን ይጠይቀዋል?

የመጨረሻውን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ብቻ መልሳችሁት እንዳትሄዱ አደራ እንላለን። ከጉባኤው ስትወጡ ሁለት ሁለት ሆናችሁ የዚያን ልጅ ደጅ አንኳኩ። ቡና ቢፈላላችሁ ጠጡ፤ ስለ ፈተናው አታንሡ፤ የሚቀጥለውን የመዝሙር ጥናት ቀን ብቻ ነግራችሁት ተመለሱ።

እግዚአብሔር አምላካችን ትምህርታችንን፣ ሥራችንንና መንገዳችንን ይባርክልን። የእመቤታችን ምልጃ አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።